ለአንዲት ቡናማ ወፍ አንኮበር ድረስ

«አንኮበር ልሄድ ነው» ያልኩት ሰው ሁሉ ስለ ቤተ መንግሥቱ ጠየቀኝ። የሣህለ ሥላሴ ከተማ፣ የምኒልክ ከተማ፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፤ አንኮበር ሲባል ትዝ የሚለን ይኸው ነው። «የለም፣ ወፍ ለማየት ነው የምሄደው» ስል ግን ጨዋታው ወደ ሳቅ ይዞራል። አንድ ወዳጄ «ወፍ ፍለጋ አንኮበር ድረስ? ጎህ ሲቀድ መስኮትህ ሥር የሚንጫጫው ምንድን ነው ታዲያ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስኮቴ ሥር የሚንጫጫ ወፍ ሞልቷል። እኔ የምሄድላት ግን በአዲስ አበባ መስኮት ሥር አትገኝም። ናይሮቢም ካርቱምም ብንሄድ አናገኛትም። በዓለም ላይ ያላት ቤት የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ እሱም ቢሆን የትም አይደለም፣ የገደል አፋፍ ነው።

የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። የካናሪ ዘመድ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ዘር ለቃሚና ዘማሪ ወፍ ናት። ሳይንስ የተዋወቃት ዘግይቶ ነው። ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይሠራ ነበር። ከሥራው ጎን ለጎን አገሩን እየዞረ ወፍ ይመዘግባል። በ1976 እ.ኤ.አ. አንኮበር አካባቢ ከመጻሕፍቱ ውስጥ የሌለች ወፍ አገኘ። በ1979 መግለጫዋ ታትሞ ወጣ፤ አንኮበርም ከነገሥታቱ ስም ሌላ በአንዲት ወፍ ስም በዓለም መዝገብ ሰፈረ።

የሄድነው በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ እኔና ሁለት ወዳጆቼ። ደብረ ብርሃን አድረን አስጎብኚያችንን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ ዳር አገኘነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የማያውቅ ሰው ብርድን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ከየጎጆው የኩበት ጭስ ይወጣል፣ ሰዉ አፍንጫው ድረስ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጀቡኗል። አስጎብኚያችን ልጅ ግን ስስ ጃኬት ብቻ ነው የለበሰው። አንገቱ ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንጠልጥሏል፣ ትከሻው ላይ ባለሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተሸክሟል። በብብቱ የአፍሪካ ቀንድን ወፎች የያዘውን መጽሐፍ ሸጉጧል፤ ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ጠርዛቸው ተበልቷል።

ሠላሳ ዓመት የማይሞላው የአካባቢው ተወላጅ ነው። ያደገው ከአንኮበር ቁልቁል፣ ማሽላ በሚበቅልበት ወገብ ላይ ነው። ልጅ ሳለ ሥራው ማማ ላይ ወጥቶ እህል ከወፍ መጠበቅ ነበር። «ወንጭፌ አይስትም ነበር ጋሼ» አለኝ እየሳቀ። «ያኔ ወፍ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው፤ ሌባ ነው። አሁን ከመቶ በላይ በድምፃቸው እለያለሁ።» እንዴት እንደተማረ ስጠይቀው የውጭ አገር ጎብኚ ዕቃ ተሸክሞ በመሄድ እንደጀመረ ነገረኝ። ሰዎቹ በመነጽር የሚያዩትን እሱ በባዶ ዓይኑ ቀድሞ ያይ ስለነበር ከተሸካሚነት ወደ መሪነት ለመሻገር ብዙ አልፈጀበትም። የቀረው ስሙን ማጥናት ነበር፤ መጽሐፉን አንዱ ጎብኚ ሲሄድ ተወለት።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ይሄዳል። ዛፍ ጥቂት ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ደግሞ ገብስ። ወቅቱ አጨዳ ስለነበር ግማሹ ማሳ ቃርሚያ ብቻ ቀርቶታል፤ በየውድማው ነዶ ተከምሯል። ለማያውቅ ሰው ምንም የሚታይበት አገር አይመስልም። አስጎብኚያችን ግን በየመቶ ሜትሩ «አቁምልኝ» ይላል። ወንዝ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው የደጋ ዝዮች አንገታቸውን ወደ ጀርባቸው አጥፈው ሲሄዱ አሳየን፤ እነሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። ጋጋኖዎች ተሰብስበው እየጮሁ ረግረጉን ይወጋሉ። ሣር መሐል ጉሮሮዋ ብርቱካን የመሰለ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያላት ወፍ ብቅ አለች፤ እሷንም መዘገብን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ይህን ቁጥር አዲስ አበባ ሆኖ መስማትና በአንድ ጠዋት ከፊሉን ከመኪና መስኮት ማየት ይለያያል።

ወፍ መመልከት ሥርዓት አለው። ቀይና ነጭ ልብስ አይለበስም። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ይመረጣል። ጣት መቀሰር ወፉን ያስበረግጋል፤ ስለዚህ «ከዚያች ነጭ ድንጋይ ሁለት ክንድ ወደ ግራ» እየተባለ በቃል ይመላከታል። ከሁሉ በላይ መቆም ያስፈልጋል። ሰው ሲቆም ወፍ ይረሳዋል፤ ሲንቀሳቀስ ያስታውሰዋል። እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ መቆም አይሆንልንም። ከጓደኞቼ አንዱ ስልኩ ኪሱ ውስጥ በነዘረ ቁጥር እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር ሣር ላይ ያለው ሁሉ ብር ብሎ ይነሳል። ልጁ ምንም አላለም። ፈገግ ብሎ ሌላ ቦታ ወሰደን።

ዋናዋን ወፍ ከማየታችን በፊት የሚመስሏትን አስጠናን። ይህ የአስጎብኚነቱ ጥበብ የታየበት ቦታ ነው። በመንገዱ ዳርና በአጥሩ ላይ ቡናማ ዘር ለቃሚዎች ሞልተዋል። አንዷ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት፤ እሷ አይደለችም። አንዷ ጉንጯ ጠቆር፣ ደረቷ ዝንጉርጉር ነው፤ እሷም አይደለችም። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ቢጫ የሆነው ወንድ ወፍማ ከሩቅ ይለያል። «የእኛዋ» አለ ልጁ፣ «ቢጫ የሚባል የላትም። ጀርባዋ ዝንጉርጉር ነው፣ ፊቷ ገረጣ ያለ ነው፣ አናቷና ማጅራቷ ላይ ነጣ ያለ ጭረት አለ። መንቁሯ ከእነዚህ ሁሉ ቀጠን ይላል። ሲያዩዋት የማታምር ከሆነች እሷ ናት።»

ገማሳ ገደል ስንደርስ ሜዳው ያለ ማስጠንቀቂያ አለቀ። ከእግራችን ሥር ምድሪቱ ተቆርጣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ትወርዳለች። የቆምንበት ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ታች ያለው ደግሞ እየሞቀ እየሞቀ ሄዶ ከአፋር በረሃ ይገጥማል። በጠርዙ ላይ ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ይታያል። ጭላዳዎች ገደሉ ውስጥ አድረው ሊግጡ ወደ ላይ እየወጡ ነበር፤ ወንዶቹ ጎፈሯቸውን ነፋስ ያራግበዋል። ጥንብ አንሳ ሁልጊዜ ከሥሩ ሆነን የምናየው ወፍ ነው። እዚያ ግን እኛ ከላይ ነን፣ እሱ ከታች ያንዣብባል፤ ጀርባውን ቁልቁል እናያለን። አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ በአጠገባችን ሲያልፍ የክንፉ ነፋስ ተሰማኝ።

ሴሪኗ ግን የለችም። ልጁ ቴሌስኮፑን ተክሎ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ «ፀሐይ አፋፉን ሲነካው ይመጣሉ» ብሎ ተቀመጠ። ተቀመጥን።

እንዲህ ያለ ጥበቃ ለሐሳብ ይመቻል። እኔ የማስበው ስለ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። አንኮበር ለአውሮፓ ተጓዦች አዲስ አገር አይደለም። ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ተመላልሶበታል። ከ1841 እስከ 1843 ሻለቃ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ በሣህለ ሥላሴ ግቢ ከርሟል። በ1870ዎቹ ደግሞ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጣቢያ ሰጡ። እዚያ የተቀመጠው ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የወፍና የእንስሳት ሰብሳቢ ነበር። በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ጣቢያውን የመራው ሐኪሙ ራጋዚም ጠመንጃ አንግቶ ወፍ ሲሰበስብ የኖረ ነው። ከልጥ ማረፊያ ወደ ጣሊያን ቤተ መዘክር የሄደው የወፍ ቆዳ ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ባለፉበት ጠርዝ ላይ ግን ይህች ወፍ እስከ 1976 ድረስ ሳትመዘገብ ቆየች።

ለምን? ለእኔ የታየኝ ምክንያት ቀላል ነው። ሰው ወደ አንኮበር የሚወጣው ሊደርስ ነው፤ ደክሞት፣ ከቆላው ሐሩር አምልጦ፣ ግቢውን ሊያይ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጫካው ይወርዳል፤ ብዙ ቀለም ያለው እዚያ ነዋ። ወፍ ዋሻን የመሰለ የጥድና የዝግባ ደን ቅርብ እያለ የተራቆተ አፋፍ ላይ በብርድ ተቀምጦ ቡናማ ወፍ የሚጠብቅ ማን ነው? አፋፉ መተላለፊያ እንጂ መድረሻ አልነበረም።

ፀሐይ ድንጋዩን ነካች። ከገደሉ ሥር ቀጭን፣ ፈጣን፣ የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ። ልጁ ሳይነሳ እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ። «መጡ።»

ከጠርዙ ሥር ብቅ ያሉት በአንድ ላይ ነበር፤ ከወንፊት እንደሚረግፍ ገብስ ሣሩ ላይ ተበተኑ። ከዚያ ጠፉ። ዓይኔ እያየ ጠፉ ማለቴ ነው፤ አልበረሩም፣ መሬቱን መሰሉ። ቴሌስኮፑ ላይ ዓይኔን ስጥል አንዷ ብቻዋን ክቡን ሞላችው። ጭላዳዎቹ ሣሩን ነጭተው ያራቆቱት ቦታ ላይ ናት። በትናንሽ እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ከአፈሩ አንድ ነገር ታነሳለች፤ በቀጭን መንቁሯ አገላብጣ ገለባውን ትጥላለች። ገለባው አገጯ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ራሷን ነቅንቃ ታራግፈዋለች። ነፋስ የደረቷን ላባ ሲገልጠው ውስጡ አመድማ ነው። ዓይኗ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይን። ልጁ እንዳለው አታምርም። ግን የተቀመጠችበትን ቦታ አፈሩን፣ የደረቀውን ሣርና የድንጋዩን ሽበት ሁሉ በጀርባዋ ላይ ተሸክማዋለች። የአንኮበርን አፋፍ አጥንቶ ወፍ ስፋ የተባለ ሰው ከዚህ የተሻለ አይሰፋም።

የጭላዳ ልጆች እየተሯሯጡ ሲመጡ ወፎቹ ተነሱ፤ ያች ቀጭን ድምፅ ከአየር ላይ ተንጠባጠበች፣ ገደሉ ውስጥ ገቡ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። እስከ ረፋድ ድረስ ይህንኑ ሲያደርጉ ዋሉ። ስልኩ የሚነዝረው ጓደኛዬ ቴሌስኮፑን ለሌላ ሰው መልቀቅ አቃተው።

ከአፋፉ ራቅ ብሎ አንድ አዛውንት ገብስ ያጭዱ ነበር። ስንመጣ ልጁ ቀድሞ ሄዶ ሰላም ብሏቸው፣ ማሳቸው ዳር ለመቆም ፈቃድ ጠይቋቸው ነበር። ስንጨርስ ማጭዳቸውን ነዶው ላይ አኑረው ወደ እኛ መጡ።

«አያችኋት?»

«አዎ አባባ፣ እግዜር ይስጥልን።»

«ደግ ነው። እስከ ዛሬ ፈረንጅ ነበር የሚመጣላት። የአገሯ ሰውም መጣ እንግዲህ።» ወደ ገደሉ አገጫቸውን አነሱ። «ምንም ክፋት የላት። የወደቀ ትለቅማለች፣ እዚያ ውስጥ ታድራለች። ቆሞ ያለውን ገብሴን አትነካብኝም።»

ከማሳቸው ጎን፣ እስከ ጠርዙ ድረስ፣ ሁለት ዓመት የሚሆነው ባሕር ዛፍ ተተክሏል። የእሳቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የእኔ ነው። ገብሱ ለአፍ ነው፣ ባሕር ዛፉ ለእጅ። ገብስ ሸጬ ልጅ አላስተምርም፤ ግንዲላ ሸጬ ግን ሁለቱን ደብረ ብርሃን አስገብቻለሁ።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ነገሩን ግን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የአንኮበር ሴሪን የምትፈልገው ክፍት ሣርና ድንጋይ ነው። መሬት ላይ ነው የምትለቅመው። አፋፉ በባሕር ዛፍ ከተሸፈነ ሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ሣር ከሌለ ዘር የለም፤ ዘር ከሌለ እሷ የለችም። ባሕር ዛፍ ደግሞ በአገራችን የተስፋፋው በምኒልክ ዘመን፣ አዲሱ ዋና ከተማ እንጨት ሲቸግረው ነው። ምኒልክ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ ወጡ፣ ከዚያ በ1886 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማይቱ ዙሪያዋን ጨፍጭፋ ጨረሰችና ባሕር ዛፍ ተተከለላት። ያ ዛፍ ዛሬ ዞሮ የጥንቱ መናገሻ አፋፍ ላይ ደርሷል።

እኛ ዛፍ መትከልን እንደ ጽድቅ ነው የምናየው። ችግኝ ይዞ የተነሳን ሰው «እዚህ አትትከል» የሚል ደፋር የለም። ግን መሬት ዛፍ ስለሌለው ብቻ ባዶ አይደለም። የደጋ ሣር፣ የገደል ጠርዝ፣ ረግረግ፣ ሁሉም የየራሱ ነዋሪ አለው፤ አንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም። የተራቆተ የሚመስለን አፋፍ ለዚህች ወፍ ሙሉ ቤት ነው። ከገብስ ቃርሚያ ጋር ትስማማለች፤ ከበግና ከጭላዳ ጋርም ትስማማለች፤ የማትስማማው ከጫካ ጋር ነው። ይህን አዛውንቱን ለመውቀስ አልጻፍኩትም። እሳቸው ያላቸው ጥቂት ጥማድ ነው፤ ከዚያች ጥማድ ላይ ልጅ ያስተምራሉ። ወፏ እንድትኖር የምንፈልግ እኛ ከሆንን ሸክሙን የምንጋራውም እኛ ነን።

ከሰዓት በኋላ አንኮበር ከተማን አልፈን ወደ አልዩ አምባ ወረድን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋቢ አውልቀን፣ ሹራብ አውልቀን፣ የመኪናውን መስኮት ከፈትን። አልዩ አምባ የጥንት የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ናት፤ ከአፋርና ከሐረር በኩል የሚመጣው ጨውና ሸቀጥ ወደ ሸዋ የሚገባው በእሷ በር ነበር። ከእሷ በታች ባለው ደረቅና ድንጋያማ ቁልቁለት ሌላ ሴሪን አለች። ጉሮሮዋ ቢጫ ነው። የእሷ ታሪክ የአንኮበሯ ተቃራኒ ነው። በ1880ዎቹ ጣሊያኖቹ ሰበሰቧት፣ በ1888 ስም ወጣላት፣ ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ያያት ሰው ጠፋ። አንዳንድ ሊቃውንት ዝርያ መሆኗን ተጠራጥረው የሁለት ወፎች ዲቃላ ሳትሆን አትቀርም አሉ። በ1989 ዳግመኛ ተገኘች፤ ካገኟት ሰዎች አንዱ ያው ጆን አሽ ነው። ሁለት እህትማማች ወፎች፣ አንዷ ከላይ በብርድ፣ አንዷ ከታች በሐሩር። አንዷን ሰዎች በአጠገቧ አልፈው ሳያዩዋት ቀሩ፣ ሌላዋን ይዘው አጧት። እኛ ቢጫዋን አላየናትም። ልጁ ግራሩን ሁሉ ፈትሾ «ዛሬ የላይኛዋ ትበቃናለች» አለ።

የላይኛዋ ወፍ ዕድል ከታሰበው የተሻለ ሆኗል። መጀመሪያ በአንኮበር አካባቢ ጠባብ አፋፍ ላይ ብቻ ያለች መስላ ነበር። በኋላ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። የመንዙ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እዚያ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ግጦሽም አጨዳም ይከለከላል። ሲከፈት ሕዝቡ ያጭዳል፤ ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በአዲስ መልክ መልሶ ጥበቃውን አቁሟል። ሣሩን የጠበቀው ለወፍ ብሎ አይደለም፤ ለክዳኑና ለክፉ ቀን ብሎ ነው። ቀይ ቀበሮውም ሴሪኗም በዚያ ጥበቃ ጥላ ሥር ኖሩ። እንግዲህ ክፍት ሣር ገንዘብና ጥቅም ያለው ሀብት ሆኖ ሲቆጠር ባሕር ዛፍ የግድ አይሆንም ማለት ነው።

ለአንኮበሩ አዛውንት የባሕር ዛፉን ስሌት ሊቀይርላቸው የሚችለው አንዱ ነገር በዚያ ጠዋት ከእኛ ጋር ነበር። አስጎብኚያችን በዚያ ሰሞን በሚያገኘው ገቢ እናቱን ይረዳ፣ ታናሽ እህቱን ያስተምር ነበር። ጎብኚ ሲበዛ ማሳው አፋፍ ላይ ላለ ገበሬም እንዲደርሰው ከጓደኞቹ ጋር መነጋገር ጀምሮ ነበር። «ወፏ ካለች እኔ አለሁ» አለኝ በመንገድ ላይ። ወንጭፍ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ሲል መስማት የጥበቃ ስብሰባ ላይ ከሚነበብ ጽሑፍ ይበልጥ ያሳምናል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የአገሪቱን 69 ዋና ዋና የወፍ መኖሪያዎች ሲዘረዝር የአንኮበር–ደብረ ሲና አፋፍን አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። መዝገቡ አለ ማለት ነው። የጎደለው መዝገቡን ከገበሬው ኪስ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ሰሜን ሸዋም ከሁለቱም የድርሻውን ቀመሰ። አንገቱ ላይ መነጽር አንጠልጥሎ የሚመጣው የውጭ ጎብኚ ቀጥ ካለ ሰነበተ። አስጎብኚነት እንጀራ የሆነላቸው ልጆች ወደ ሌላ ሥራ ተበትነዋል። በስልክ ያገኘሁት ያ ልጅ እህል እየነገደ ነው፤ መጽሐፉን ግን አልሸጠውም።

የውጭ ሰው እስኪመለስ መጠበቅ የለብንም። መንገዱ ሰላም በሆነና መሄድ በተቻለ ጊዜ አንኮበር ለአዲስ አበባ ሰው የአንድ ቅዳሜና እሑድ አገር ናት። ቤተ መንግሥቱ የቆመበትን ኮረብታ ውጡ፣ የቀረውን ግንብ እዩ፣ ደግ ነው። ከዚያ በፊት ግን በማለዳ ገማሳ ገደል ላይ ቁሙ። የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ የድካሙን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት፣ ማሳው ዳር የምትቆሙበትን ገበሬም አትርሱ። መነጽር ባይኖራችሁ እሱ ያውሳችኋል። ችግኝ ልትተክሉ ወደ ደጋ የምትወጡም ሰዎች ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው «እዚህ ሣር ላይ ምን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አፋፍ ከዛፍ ይልቅ ጠባቂ ይሻለዋል።